የሞተር ዘይት ራሳችሁ ቀይሩ፤ ዋስትናውንም አታጡ

ዘይት መቀየር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ቡሎን ትፈታላችሁ፣ አሮጌውን ታፈሳላችሁ፣ ፊልትሮ ትቀይራላችሁ፣ አዲስ ትሞላላችሁ። ሆኖም ሞተሩ ዋስትናው ሳያልቅ ሲበላሽ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ይገኛል። ሻጩ ድርጅት «መቼ፣ በስንት ኪሎሜትር፣ በምን ዘይት ቀየርክ?» ይላል። መልሱ «ቀይሬያለሁ እኮ!» ብቻ ይሆናል። በቃል ደግሞ ማንም ሞተር አይተካም።

ሌላው ወረቀቱን አሟልቶ እጁ ላይ ይሳሳታል። የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ተጣብቆ ይቀርበታል፣ ቡሎኑን ከልክ በላይ ያጠብቃል፣ ዘይቱን አብዝቶ ይሞላል። በእንዲህ ዓይነት ስህተት የመጣ ጉዳት የፋብሪካ ጉድለት ስላልሆነ ዋስትና አይሸፍነውም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁለቱንም ይይዛል። ደረጃ አትዝለሉ።

## ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ አንብቡ

የመኪናውን ማንዋልና የዋስትናውን ቡክሌት አውጡ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱን አንብቦ ሌላውን የሚተው ብዙ ነው።

ከማንዋሉ እነዚህን ጻፉ፦

1. የዘይቱ ውፍረት፤ ለምሳሌ 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30።
2. የዘይቱ የጥራት መስፈርት።
3. ከፊልትሮ ጋር ስንት ሊትር እንደሚይዝ።
4. የመቀየሪያው ጊዜ፣ በኪሎሜትርም በወርም።
5. የመፍሰሻው ቡሎንና የፊልትሮው የማጥበቂያ ልክ፣ በኒውተን ሜትር።

ብዙ ሰው የሚወድቀው 4ኛው ላይ ነው። ማንዋሉ «10,000 ኪሎሜትር ወይም 12 ወር» ካለ፣ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚቆጠረው። በ14 ወር 4,000 ኪሎሜትር ብቻ የነዳ ሰው በዋስትናው ውል ዘግይቷል። «መኪናዋ እኮ ቆማ ነው የከረመችው» የሚለው አያድነውም። በቻርጅም በቤንዚንም የሚሄዱ መኪኖች ባለቤቶች እዚህ ጋ በተለይ ይዘናጋሉ። ሞተሩ እምብዛም ባይነሳም ወሩ ይቆጥራል።

ሌላም አለ። አብዛኛው ማንዋል ሁለት ሰንጠረዥ አለው፤ አንዱ ለተለመደ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ ሁኔታ። ሁላችንም የመጀመሪያውን አንብበን ደስ ብሎን እንዘጋለን። ግን አጭር አጭር ጉዞ፣ አቧራማ መንገድ፣ ሞተር አስነስቶ ሳይንቀሳቀሱ መቆም፣ የትራፊክ መጨናነቅ፣ ጭነት መጎተት፣ ኃይለኛ ሙቀት በአብዛኛው ከባድ ሁኔታ ውስጥ ይመደባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ወደ ዘይቱ የገባው ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ተንኖ አይወጣም፤ እዚያው እየተጠራቀመ ዘይቱን ያበላሸዋል። የእናንተ አነዳድ እንዲህ ከሆነ አጭሩን ሰንጠረዥ ተከተሉ። ብዙ ጊዜ የተለመደው ግማሽ ነው።

ከቡክሌቱ ደግሞ «ሰርቪሱን ማን ማድረግ ይችላል?» እና «ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» የሚሉትን ፈልጉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ አምራቹ «በእኔ ጋራዥ ወይም በእኔ ዕቃ ካልሆነ ዋስትና የለም» እንዳይል ይከለክላል፤ ዕቃውን ወይም ሥራውን በነፃ ካልሰጠ በስተቀር። ተራውን ሰርቪስ ባለቤቱ ራሱ ቢሠራውም ያ ብቻውን ዋስትናውን አያፈርስም። በአውሮፓ ኅብረትም የአምራቹን መስፈርት እስከጠበቃችሁ ድረስ ገለልተኛ ጋራዥ መጠቀም ዋስትናውን አያሳጣም። ሌላ አገር ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የአገሩ ሕግና የፈረማችሁት ውል ነው። ውሉ «በወኪሉ ጋራዥ ብቻ» የሚል ከሆነ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ «ማን ነው እንዲህ ያለህ?» ያስብላል።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ዘይትና ፊልትሮ ግዙ

5ደብሊው-30 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ ይነግራል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ ፈጥኖ ይሄዳል። ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያሳያል። «ወፈር ያለ ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ትሰማላችሁ። አዲስ ሞተር ላይ አትቀበሉት። የዘይት መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የቫልቩን ጊዜ የሚቀያይረው ክፍልም የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ማንዋሉ ከፈቀዳቸው ውፍረቶች አትውጡ።

ውፍረቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ሁለት 5ደብሊው-30 ዘይቶች ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የጣሳውን ጀርባ አዙሩና የጥራት መስፈርቱን ፈልጉ፦

- ኤፒአይ የአሜሪካ ደረጃ ነው። ለቤንዚን ሞተር ኤስፒ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣ ሲሆን ከሱ በፊት የነበረውን ኤስኤንን ይተካል።
- ኤሲኢኤ የአውሮፓ ነው። እዚህ ሲ2፣ ሲ3፣ ሲ5 የሚባሉት እንደ መሰላል አይወጡም፤ ለተለያየ ሞተር የተሠሩ ናቸው። ሲ3 የሚለውን መኪና «ሲ5 ቁጥሩ ስለሚበልጥ ይሻላል» ብላችሁ አትሙሉት።
- ከዚያ የመኪናው አምራች የራሱ መስፈርት ይመጣል፤ እንደ ቮልስዋገን 504 00/507 00፣ መርሴዲስ 229.51፣ ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04፣ ጂኤም ዴክሶስ።

እዚህ ዓይናችሁን ክፈቱ። ጣሳው «በአምራቹ የጸደቀ» ካለ አምራቹ ዘይቱን አይቶ ተቀብሎታል ማለት ነው። «መስፈርቱን ለሚጠይቁ መኪኖች የሚመከር» ካለ ግን የሚመክረው ዘይቱን የሠራው ኩባንያ ራሱ ነው። ሁለተኛው ዘይት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ክርክር ቢነሳ ግን የመጀመሪያው ይዞት የሚቀርበው ማስረጃ ይበልጣል። ማንዋሉ የጸደቀ ዘይት የሚጠይቅ ከሆነ የጸደቀውን ግዙ።

የጭስ ማጣሪያ (ዲፒኤፍ) ያለው ናፍጣ መኪና ካላችሁ አመዱ ዝቅተኛ የሆነውን ዘይት ተጠቀሙ። ከዘይቱ የሚመጣው አመድ ማጣሪያው ውስጥ ተቃጥሎ አይጠፋም፤ እየሞላ ይደፍነዋል።

ፊልትሮው የግድ የአምራቹ ስም ያለበት ላይሆን ይችላል፤ ግን በሻንሲ ቁጥራችሁ የተፈለገ ትክክለኛ ቁጥር መሆን አለበት። «ጥርሱ ገጠመ» በቂ አይደለም። ውስጡ ያሉት ቫልቮች የሚከፈቱበት ግፊት ይለያያል። ከቡሎኑ ጋር የሚሄድ አዲስ ሮንዴላም አብራችሁ ግዙ።

ዘይት ላይ የሚጨመሩ «ተአምረኛ» ፈሳሾችና ሞተር ማጠቢያዎችን ተዉአቸው። ብዙ አምራች በግልጽ አይፈቅዳቸውም። ለድርጅቱ ምክንያት በገንዘባችሁ ገዝታችሁ መስጠት ነው።

## ደረጃ 3፦ ቦታውንና መኪናውን አዘጋጁ

የሚያስፈልጉት፦ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ ቁልፍ፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ቶርክ ሬንች (በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ)፣ የመኪናውን ዘይት በሙሉ የሚይዝ ሰፊ ገበታ፣ ፈነል፣ ጓንት፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክሪክ፣ ሁለት የብረት ስታንድ፣ ለጎማ ታኮ።

1. ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነሱትና አጥፉት። ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይፈሳል። ከረጅም ጉዞ ከመጣችሁ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ እጅ ያቃጥላል።
2. ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። አውቶማቲኩን ፓርክ ላይ፣ ማንዋል ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጉ።
3. መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ።
4. በክሪክ አንሱና በማንዋሉ በተመለከተው ቦታ ስታንድ አስገቡ። ሥር ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ለአንድ ደቂቃም አትግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም።

አሁን ስልካችሁን አውጡና የኪሎሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ያልተከፈተውን ጣሳና ፊልትሮውን ከታርጋው ጋር አንድ ላይ አንሱ። እጃችሁ ዘይት ከነካ በኋላ ስልክ መንካት አትፈልጉም።

## ደረጃ 4፦ አሮጌውን አፍስሱ

ኮፈኑን ክፈቱና የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱ። አየር ሲገባ ዘይቱ ሳይንተፋተፍ ይወርዳል።

ሥር ገብታችሁ ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። በአንዳንድ መኪና የማርሽ ሳጥኑ መፍሰሻ ከሞተሩ አጠገብ ነው። የማርሹን ዘይት አፍስሶ ሞተሩ ላይ ሁለተኛ ሙሌት የጨመረ ሰው ሁለቱንም ይገድላል። የሞተሩ ቡሎን ያለው ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት (ኮፓ) ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ የማንዋሉን ሥዕል እዩ።

1. ገበታውን ከቡሎኑ ትንሽ ራቅ አድርጉ። ዘይቱ መጀመሪያ በግፊት ወደ ጎን ይወረወራል፤ እየቀነሰ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያኔ ገበታውን ሳብ አድርጉት።
2. ቡሎኑን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አላሉት። ከላላ በኋላ በእጃችሁ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ እየያዛችሁ አዙሩ። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ በፍጥነት ወደ ጎን ሳቡት። እንዲህ ካደረጋችሁ ገበታው ውስጥ ገብቶ አትፈልጉትም።
3. ጠብታው እስኪሳሳ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ።
4. እየፈሰሰ ሳለ ዘይቱን እዩት። ጥቁር መሆኑ ችግር አይደለም። ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በባትሪ ስታበሩበት የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ሞተሩ ውስጥ የሚፋቅ ነገር አለ። ሁለቱም ላይ ሥራውን አቁሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ያዙ፣ ለድርጅቱ ደውሉ። አዲስ ዘይት ሞልታችሁ ብትነዱ ጉዳቱን ታብሱታላችሁ፤ ማስረጃችሁንም ታጥባላችሁ።
5. አሮጌውን ሮንዴላ አውጡ። አንዳንዴ ኮፓው ላይ ተለጥፎ ይቀራልና በጥፍር ፈትሹ። አዲሱን አድርጋችሁ ቡሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። ሁለት ሦስት ዙር ያለ ችግር ካልሄደ ተጣሟል፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።
6. በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ለብዙ ትንንሽ መኪኖች ልኩ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእናንተውን ግን ከማንዋሉ ውሰዱ። ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነ ጉልበት ጥርሱን ይበላዋል።

## ደረጃ 5፦ ፊልትሮውን ቀይሩ

ገበታውን ከፊልትሮው ሥር አዙሩና ፍቱት። ውስጡም ዘይት አለ፣ ይፈሳል።

አሁን የወጣውን ፊልትሮ አፍ እዩ። ክብ ጥቁር ላስቲክ (ጓርኒሲዮን) አለው? ከሌለ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ይህን ሳታዩ አዲሱን ብታስሩት ሁለት ላስቲክ ይደራረባል። መጀመሪያ ላይ የያዘ ይመስላል። ግፊት ሲመጣ አንዱ ሾልኮ ይወጣል፣ ዘይቱም በአጭር ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል። ከዘይት ቅየራ ስህተቶች ሁሉ ሞተር ፈጥኖ የሚገድለው ይሄ ነው፤ ለማየት የሚፈጀው ግን ሁለት ሰከንድ ነው።

መቀመጫውን በጨርቅ ጥረጉ። የአዲሱን ላስቲክ ንጹሕ ዘይት ቀቡት። በእጅ አዙሩ፤ ላስቲኩ መቀመጫውን ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ፣ ወይም ፊልትሮው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። መፍቻ ለመፍታት ነው፤ ለማጥበቅ እጅ ይበቃል። በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ የሚገባ የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ የክዳኑን ኦሪንግ (ክብ ላስቲክ) ቀይሩና ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁ። ከልክ ካለፈ ክዳኑ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 6፦ ሙሉ፣ አስነሱ፣ ለኩ

1. ማንዋሉ ካለው መጠን ግማሽ ሊትር ያህል አስቀርታችሁ ሙሉ። ክዳኑን ዝጉ።
2. ሞተሩን አስነሱ። ጋዝ አትስጡ። የዘይት ግፊት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያውኑ አጥፉ።
3. አንድ ሁለት ደቂቃ እየሠራ ሳለ ቡሎኑና ፊልትሮው ላይ ባትሪ አብሩ። ጠብታ ካለ አጥፉና አስተካክሉ።
4. ሞተሩን አጥፉ። መኪናውን ከስታንድ አውርዳችሁ ደልዳላ መሬት ላይ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ አቁሙት። ዘንበል ያለ መኪና ላይ የሚለካ ዘይት ይዋሻል።
5. መለኪያውን (ዲፕስቲኩን) አውጡ፣ ጥረጉ፣ አስገቡ፣ እንደገና አውጡ። ወደ ላይኛው ምልክት እስኪጠጋ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። በብዙ መኪና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው አንድ ሊትር ገደማ ነው።

ዲፕስቲክ የሌለው መኪና በስክሪኑ ይለካል፤ አንዳንዱ ሞተሩ እስኪሞቅ መነዳት ይፈልጋል። የሰርቪስ ማስታወሻውን በማንዋሉ መሠረት ዜሮ አድርጉት። በማግስቱ ጠዋት መኪናው የቆመበትን መሬት እዩና አንድ ጊዜ እንደገና ለኩ።

## ደረጃ 7፦ ማስረጃውን ዛሬውኑ አስቀምጡ

«ነገ አደርገዋለሁ» ያለ ሰው ደረሰኙን ከሱሪው ኪስ ጋር ያጥበዋል። እጃችሁን እንደታጠባችሁ ጨርሱት።

በአንድ ደብተር ላይ ይህን ጻፉ፦ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የዘይቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ መስፈርቱ፣ የተሞላው ሊትር፣ የፊልትሮው ቁጥር፣ ማን እንደቀየረው። ከዚያ፦

- የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ አያይዙ። ደረሰኙ «ዕቃ» ብቻ ካለ ሻጩ ዓይነቱን ዘርዝሮ እንዲጽፍ ጠይቁት። የደረሰኙ ቀን ከቅየራው ቀን በኋላ መሆን የለበትም።
- ቀለሙ በሙቀት የሚጠፋ ደረሰኝ ከሆነ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ። ከዓመት በኋላ ነጭ ወረቀት ሆኖ ታገኙታላችሁ።
- የጣሳውን ጀርባ፣ የምርት ቁጥሩን፣ የፊልትሮውን ሳጥን ፎቶ አንሱ።
- የወጣውን ፊልትሮና አዲሱን በቦታው ታስሮ አንሱ።
- ፎቶዎቹን ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ስልክ ይጠፋል፤ ኢሜይሉ ደግሞ ቀን ይዞ ይቆያል።

ጋራዥ ካስቀየራችሁም ያው ነው። ማኅተም ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ማኅተሙ የዘይቱን ዓይነት አይናገርም።

አሮጌውን ዘይት በጣሳው መልሳችሁ ክደኑና ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ቦታ ስጡ። መሬት ወይም ቦይ ውስጥ አታፍስሱ።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ቡሎኑ እምቢ አለ። ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ ተጠቀሙ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ጠርዙን ይልጠዋል። አቅጣጫውን አረጋግጡ። ከመኪና ሥር ተኝቶ ሰው ሳያውቅ የሚያጠብቀው ብዙ ነው። ጠርዙ መላጥ ከጀመረ አቁሙና ለመካኒክ ስጡት።

የቡሎኑ ቀዳዳ ጥርስ ተበላ። ቴፕና ማጣበቂያ ጠቅልላችሁ አትዝጉ። ባለሙያ አዲስ ጥርስ ያስገባበት ወይም ኮፓው ይቀየር። ሳይስተካከል አትንዱ።

ፊልትሮው አልፈታ አለ። ካቻቢቴ ሰክቶ መጠምዘዝ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ቆርቆሮው ከተቀደደና ካልወጣ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። መጀመሪያ ልኩን የጠበቀ መፍቻ ሞክሩ።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አለፈ። አትንዱ። ክራንክሻፍቱ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) ዘይቱን ሲመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። በዲፕስቲኩ ቀዳዳ በመምጠጫ አውጡ፣ ወይም ቡሎኑን አላልታችሁ ቀንሱ።

የግፊት መብራቱ አልጠፋም። መጠኑን እዩ፣ ፊልትሮው ትክክለኛው መሆኑንና የሚፈስ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሁሉም ደህና ሆኖ መብራቱ ካለ ደግማችሁ አታስነሱ። አስጎትቱት።

ሳትጨምሩበት መጠኑ ከፍ አለ። ብዙ ጊዜ ነዳጅ እየገባበት ነው። ጭስ ማጣሪያ ያላቸው ናፍጣዎችና አጭር ጉዞ የሚበዛባቸው ቤንዚን ሞተሮች ላይ ይታያል። ዘይቱን አሽትቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

በሁለት ቅየራ መካከል ጎደለ። በዚያው መስፈርት ሙሉ፤ ስንት እንደጨመራችሁና ኪሎሜትሩን ጻፉ። ፍጆታው እየጨመረ ከሄደ ይህ ዝርዝር ነው የሚሟገትላችሁ።

## ቀኑ ካለፈባችሁ

ዛሬውኑ ቀይሩ፤ እውነተኛውን ቀን ጻፉ። ወደ ኋላ ቀን ማስጻፍ አትሞክሩ። የዘይቱ ምርት ቁጥርና ደረሰኙ ሲመሳከሩ ይጋለጣል፤ ያኔ እውነተኛውም መዝገባችሁ አይታመንም። አንድ ጊዜ መዘግየት ብዙ ጊዜ መላውን ዋስትና አያጠፋም። የመስኮት ሞተር ወይም ሬዲዮ ከዘይት ጋር ምን አገናኘው? አደጋ ላይ የሚወድቀው በዘይት እጥረት ወይም በአሮጌ ዘይት ሊመጣ የሚችል ጉዳት ነው፤ ቱርቦ፣ የሞተር ካቴና፣ የውስጥ ጭቃ።

## ድርጅቱ «ዋስትና የለህም» ካለ

1. መልሱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ። የትኛው የቡክሌቱ አንቀጽ እንደሆነ ይጥቀሱ።
2. የሰበሰባችሁትን መዝገብ ኮፒ ስጡ። ዋናውን አትልቀቁ።
3. ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የዘይት ናሙና ይወሰድ፤ ግማሹ እናንተ ጋ ይቅር። ገለልተኛ ላቦራቶሪ ዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ነዳጅና ውሃ ይለካል።
4. «ፍቱት» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ዋስትናው ካልተቀበለው የመፍታቱን ወጪ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።
5. የወጡት ዕቃዎች እንዳይጣሉ በጽሑፍ ጠይቁ።
6. የአከፋፋዩ መልስ ካላረካችሁ ወደ አምራቹ የደንበኞች ክፍል፣ ከዚያ ወደ አገራችሁ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አድርጋችሁ አቅርቡ።